እማማ ሞዝስና የማያዋጣው ሂሳብ

 ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ በበጀቱ ውይይት መጨረሻ ላይ የተነሳውን ጉዳይ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በዕድሜ የገፉ እናቶቻችን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እየተሰባሰቡ ጥልፍና ስፌት እንዲሠሩ፣ ለክር፣ ለአክርማና ለአለላ መግዣ የምትሆን ትንሽ ገንዘብ እንድትመደብላቸው ጠየቁ። የማኅበሩን ሂሳብ የምንይዘው እኛ ነንና ተነስተን የጠየቅነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ይህ ወጪ መልሶ ምን ያስገባል አልን። መልስ የሰጠ አልነበረም። ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ ተባለና ሻይ ቀረበ። ከጠያቂዎቹ አንዷ የገዛ እናታችን ነበረች። ማታ ቤት ስንገባ እንደ ወትሮው እራት አቀረበችልን፤ ስለ ስብሰባው ግን አንዲት ቃል አላነሳችም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከሐሳባችን ያልወጡ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት አሉ። ታሪካቸውን መጀመሪያ ያነበብነው ኮሌጅ ሳለን ነው። ያኔ የገረመን ዋጋው ነበር፤ በሦስት ዶላር ሲሸጥ የነበረ የአንዲት ገበሬ ሴት ሥዕል ከዓመታት በኋላ በሚሊዮን መሸጡ። ሂሳብ ተማሪ ሌላ ምን ይገርመዋል? አሁን ግን መለስ ብለን ስናየው ሌላ ነገር አገኘንበትና ለእናንተ ልንጽፈው ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።

አና ሜሪ ሮበርትሰን የተወለደችው በ1860 በኒውዮርክ ግዛት፣ ግሪንዊች በምትባል የገጠር መንደር ነው። ኒውዮርክ ሲባል ሰማይ ጠቀስ ፎቅ ብቻ የሚታየን ብዙ ነን፤ ግዛቱ ግን ሰፊ ነው፣ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ኮረብታና የከብት ግጦሽ የሞላበት የገበሬ አገር ነው። በእኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ በዙፋን ላይ የነበሩበት ዘመን መሆኑ ነው። ለወላጆቿ ከአሥር ልጆች ሦስተኛ ነበረች። አባቷ ያርሳሉ፣ ተልባ ለጨርቅ የሚያዘጋጅ ወፍጮም ነበራቸው። ልጆቻቸው ሥዕል ሲሞነጫጭሩ ማየት ስለሚወዱ አንዱን ቅጠል በአንድ ሳንቲም ሂሳብ ነጭ ወረቀት ይገዙላቸው ነበር፤ ከረሜላ ቶሎ ያልቃል፣ ወረቀት ግን ይበረክታል በሚል ስሌት። ቀለም ስላልነበረ ልጅቷ የወይንና የእንጆሪ ጭማቂ እየጨመቀች ሥዕሏን ታቀላው ነበር።

ይህ ጨዋታ ብዙ አልቆየም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት በሰው ቤት ለሥራ ተቀጠረች። ምግብ ማብሰል፣ ማጠብ፣ መስፋት፣ የታመመ ማስታመም፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እያለች አሥራ አምስት ዓመት ያህል በዚህ ኖረች። ከቤቶቹ በአንደኛው አሠሪዎቿ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የታተሙ ሥዕሎች አተኩራ ስታይ አስተውለው ጠመኔና የሰም ቀለም ገዝተው ሰጧት። በሰው ቤት አድገን ወይም ሠርተን ያየን፣ እንዲህ ያለ አሠሪ ብርቅ መሆኑን እናውቃለን።

በ1887 በሃያ ሰባት ዓመቷ በእርሻ ሥራ የሚተዳደረውን ቶማስ ሞዝስን አገባች። እስካሁን ልጅነቷን ስላወራን አንቺ እያልን መጣን፤ ከዚህ ወዲያ ግን ወይዘሮ ሆነዋልና አንቱ እንበላቸው። ሙሽሮቹ ወደ ደቡብ ወደ ኖርዝ ካሮላይና ሊሄዱ ተነስተው መንገድ ላይ ቨርጂኒያ፣ ሼናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ ስታውንተን የምትባል ከተማ አጠገብ ሲያድሩ አገሩ ደስ አላቸውና እዚያው የሰው መሬት እየተከራዩ ማረስ ጀመሩ። ወይዘሮ ሞዝስ ከባል እጅ የሚጠብቁ ሴት አልነበሩም። ባልና ሚስት አንድ ቀንበር ነው፣ እሱ የሠራውን ያህል እኔም መሥራት አለብኝ ብለው ያምኑ ነበር። ባጠራቀሙት ገንዘብ ላም ገዙ፣ ቅቤ እየናጡ ሸጡ፤ ቆይተውም ድንች በስሱ እየከተፉና እየጠበሱ ቺፕስ ማቅረብ ጀመሩ። ይህን ስናነብ የማኅበራችን የቁጠባ ደብተር ላይ ስማቸው የሰፈሩ ብዙ እህቶች ፊታችን ላይ ድቅን አሉብን።

እዚያው ቨርጂኒያ አሥር ልጆች ወለዱ። አምስቱ ገና በሕፃንነታቸው ሞቱ። በ1905 ቤተሰቡ ወደ ኒውዮርክ ግዛት ተመልሶ ኢግል ብሪጅ በሚባል ቦታ እርሻ ሲገዛ፣ አምስት ትናንሽ መቃብሮች በዚያ ባማረ ሸለቆ ውስጥ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ስላሉት ሃያ ዓመታት ብዙ የሚነገር የለም፤ ላም ማለብ፣ ፍራፍሬ ማሸግ፣ ልጆች ማሳደግ ነው። አንድ ነገር ብቻ እንጥቀስ። በ1918 የሳሎኑን ግድግዳ በወረቀት ሲያለብሱ ወረቀቱ አለቀባቸው። የቀረው የእሳት ምድጃውን አፍ የሚከድነው ሰሌዳ ነበር። ወይዘሮዋም ሰሌዳውን ነጭ ወረቀት ለጠፉበትና ቤት ውስጥ በተገኘ ቀለም ዛፎችና ሐይቅ ሣሉበት። ወረቀት ባያልቅ ኖሮ ያ ሥዕል አይኖርም ነበር። ከዚያ ወደ ላሞቻቸው ተመለሱ።

በ1927 ባለቤታቸው ሞቱ። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር። እርሻውን ትንሹ ልጃቸው ተረከበ፣ ምራትም ቤት ገባች። ከአሥራ ሁለት ዓመታቸው ጀምሮ አርፈው የማያውቁት እጆች ለመጀመሪያ ጊዜ የግድ የሚላቸው ሥራ አጡ። በእኛም አገር ይህችን ጊዜ የማታውቅ እናት የለችም። ልጆች አድገው ወጥተዋል፣ ባል የለም፣ ቤቱን ሌላ ሰው ይዞታል። አሮጊቷ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፣ አረፉ ይባላል። ዕረፍት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም።

በ1932 ሌላ ሐዘን መጣ። ቬርሞንት ግዛት፣ ቤኒንግተን ከተማ የምትኖረው ልጃቸው አና የሳንባ ነቀርሳ ያዛት። እናት ሊያስታምሙ ሄዱ። በሽተኛዋ አንድ ቀን በሱፍ ክር የተጠለፈ ሥዕል አይታ ኖሮ እስቲ እንዲህ ያለ ሥሪልኝ ብላ እናቷን ጠየቀቻቸው። አልጋ አጠገብ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነውና ተስማማቸው። የሜዳውን አረንጓዴ፣ የሰማዩን ሰማያዊ በክር እያወጡ ብዙ ሠሩ፣ ለጠየቃቸውም ሁሉ ሰጡ። አና ከሕመሟ አልዳነችም። እናት የሞተችባቸውን የልጅ ልጆች ሲያሳድጉ ቆይተው ወደ ኢግል ብሪጅ ተመለሱ። ጥልፉን ግን አልተዉትም።

ይሁንና ቁርጥማት መጣባቸው። ጣቶቻቸው አብጠው መርፌ መያዝ ጭንቅ ሆነ። እህታቸው ሰለስቲያ ታዲያ ብሩሽ ከመርፌ ይቀልላል፣ ለምን በቀለም አትሞክሪውም አለቻቸው። በዚች ምክር ነው ሰባዎቹን ካጋመሱ በኋላ ሥዕል የጀመሩት። ቀኝ እጃቸውን ሲያማቸው ብሩሹን ወደ ግራ ያዞሩት ነበር።

ስለ አሠራራቸው ትንሽ እንቆይ፤ እኛን ከሁሉ ያስደሰተን ይህ ነውና። መጀመሪያ የሚፈልጉት ሥዕሉን ሳይሆን ፍሬሙን ነው። ከቆጥ ላይ አሮጌ ፍሬም ያወርዳሉ፣ ከዚያ ሰሌዳውን በፍሬሙ ልክ ይቆርጣሉ። ሸራ አይጠቀሙም፤ ከተጨመቀ እንጨት የሚሠራ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ነጭ ቀለም ደጋግመው ይቀቡና ያደርቁታል። ሰሌዳውን እንደ ሊጥ መዳመጫ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው፣ ከላይ ወደ ታች ይሥላሉ፤ መጀመሪያ ሰማዩን፣ ቀጥሎ ተራራውን፣ ከዚያ ሜዳውን፣ ቤቶቹን፣ ከብቶቹን፣ መጨረሻ ላይ ሰዎቹን። በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ሰሌዳ ደርድረው የሁሉንም ሰማይ ባንድ ላይ ቀብተው ይጨርሳሉ፤ የተበጠበጠ ቀለም እንዳይባክን ነው። ለጥቃቅኑ ነገር የክብሪት እንጨትና ስፒል ይጠቀሙ ነበር። ከጋዜጣና ከፖስት ካርድ የቆረጧቸውን ምስሎች ያጠራቅማሉ፣ ፈረስ ሲፈልጉ ፈረስ፣ ሕፃን ሲፈልጉ ሕፃን ያወጣሉ። ይህ ሁሉ ሥዕል ትምህርት ቤት የተገኘ አይደለም። ለስድሳ ዓመት ቤት ያስተዳደረ እጅ ልማድ ነው።

የሚሥሉት ያደጉበትን ነው፦ በበረዶ ላይ የሚጎተት ጋሪ፣ ሠርግ፣ ሳሙና ሲቀቀል፣ በክረምቱ ማብቂያ ከሜፕል ዛፍ ጭማቂ ስኳር ሲወጣ። አምስቱ ትናንሽ መቃብሮች የሉበትም። አንዳንድ ተቺዎች በኋላ ሥዕሎቿ ከመጠን በላይ ጣፋጭ ናቸው ብለው ነቅፈዋቸዋል። እኛ አንፈርድባቸውም። ሐዘኑን ለሰማንያ ዓመት የኖረበት ሰው ሰሌዳው ላይ የፈለገውን ማስቀመጥ ይችላል።

ሥዕሎቹን ከማርማላታና ከታሸገ ፍራፍሬ ጋር አድርገው በአካባቢው የገበሬዎች ትርኢት አቀረቡ። ፍራፍሬውና ማርማላታው ተሸለሙ፤ ሥዕሎቹን ዞር ብሎ ያየ የለም። ሁዚክ ፎልስ በምትባለው ከተማ ደግሞ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚስት ሴቶች የእጅ ሥራቸውን እያመጡ የሚሸጡበት ጥግ ከፍተው ነበር። እንደ እኛው ባዛር ማለት ነው። እዚያም ጥቂት ሥዕሎች ላኩ። ዋጋው በስፋቱ ነበር፤ ትንሹ ሦስት ዶላር፣ ትልቁ አምስት። ለረጅም ጊዜ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ አቧራ ጠጡ።

በ1938 ሉዊስ ካልዶር የሚባል፣ ለኒውዮርክ ከተማ የሚሠራና ሥዕል መሰብሰብ የሚወድ መሐንዲስ በዚያ ሲያልፍ መስኮቱን አየ። የተሰቀሉትን ሁሉ ገዛና ሠዓሊዋ የት ነው የሚኖሩት ብሎ እቤታቸው ድረስ ሄደ። እሳቸው አልነበሩም። ምራታቸው ነገ ተመልሶ ቢመጣ አሥር ሥዕል እንደሚያገኝ ነገረችው። ማታ አማቷ ሲመለሱ ቤቱን ፈተሹ፣ የተገኘው ዘጠኝ ብቻ ሆነ። በእኛ ሙያ የዕቃ ቆጠራ ጉድለት ሲገኝ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ስብሰባ ይጠራል። እሳቸው ግን አንዱን ትልቅ ሥዕል ለሁለት ቆርጠው እያንዳንዱን ፍሬም አልብሰው አሥር አደረጉት።

አሁን ወደ ቆጨን ቦታ ደረስን። ካልዶር ሥዕሎቹን ተሸክሞ በኒውዮርክ ከተማ የሥዕል ነጋዴዎችን ደጅ ጠና። ሥራው ደስ ያላቸው ነበሩ። ግን የሠዓሊዋን ዕድሜ ሲሰሙ ፍላጎታቸው ይጠፋል። ሰባ ስምንት ዓመት! አንድን ሠዓሊ ለማስተዋወቅ ገንዘብ ይወጣል፣ ያ ገንዘብ የሚመለሰው በብዙ ዓመት ነው፤ ይህች አሮጊት ስንት ዓመት ትሥላለች ብለው አሰቡ። ሂሳቡ በደብተር ላይ ልክ ነው። እኛም ብንሆን ኖሮ እንዲሁ ነበር የምንደምረው፤ ደምረንም አሳይተናል።

በ1939 ሦስት ሥዕሎቻቸው በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ያልታወቁ ሠዓሊያን በቀረቡበት ለአባላት ብቻ የተከፈተ ትርኢት ላይ ታዩ። በ1940 ጥቅምት ላይ ኦቶ ካሊር የተባለ፣ ናዚዎችን ሸሽቶ ከቪየና የመጣ ነጋዴ ጋለሪውን ከፈተላቸው። የመጀመሪያው የግል ትርኢታቸው ሲከፈት ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸው ነበር። ሊያዩት አልሄዱም፤ ሥዕሎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ምን ላይ ልሂድ ባይ ነበሩ። ከአንድ ወር በኋላ ግን አንድ ትልቅ የከተማው ሱቅ ለምስጋና በዓል ሲጋብዛቸው ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ የሠሩትን ማርማላታ ይዘው መጡ። የተሰበሰበው ሰው ስለ ጥበብ ሊሰማ ጠብቆ ሳለ ስለ ማርማላታ አሠራር ነገሩት። ሰፈርተኛው በፊትም ግራንድማ ሞዝስ ይላቸው ነበር፤ በእኛ አነጋገር እማማ ሞዝስ ማለት ነው። ጋዜጦች ይህንኑ ስም ያዙት፣ ቀረም።

የዝናውን ነገር ቶሎ እንለፈው። ሥዕሎቻቸው በበዓል ካርድ ታትመው በሚሊዮን ተሸጡ፣ አውሮፓ ድረስ ዞሩ። በ1949 ዋሽንግተን ተጋብዘው ከፕሬዚዳንት ትሩማን እጅ ሽልማት ተቀበሉ፤ ፕሬዚዳንቱ ሻይ ላይ ፒያኖ ተጫወቱላቸው። በዚያው ዓመት እርሻውን የያዘላቸው ትንሹ ልጃቸው ሞቶባቸው ነበር። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ ቀብረው ሲመለሱ ደግሞ ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ።

ቢጠየቁ ሥዕል ባልጀምር ኖሮ ዶሮ አረባ ነበር ይሉ ነበር። ይህን ንግግራቸውን እንደ ቀልድ የሚያነቡት አሉ። እኛ ቀልድ አይመስለንም። ካልዶር በዚያ መስኮት በኩል ባያልፍስ ኖሮ? እንዲህ ያለ ባዛር ላይ ሥራቸውን አስቀምጠው መሐንዲስ ያልመጣላቸው ሴቶች ስንት ናቸው! እማማ ሞዝስ ግን እሱ ሲመጣ ማንም ያላዘዛቸውን ዘጠኝ ሥዕል ቤት ውስጥ አስቀምጠው ነበር፤ ባይመጣ አሥረኛውን ይሥሉ ነበር። በእኛ ቋንቋ የሥራ ያልሆነውን ሰዓት ትርፍ ጊዜ እንለዋለን። ሂሳብ ሠራተኛ ሆነን ስንት ዓመት ትርፍ የሚለውን ቃል ስንጽፍ፣ እዚህ ጋ ምን ማለት እንደሆነ አስበነው አናውቅም ነበር።

በ1960 መቶኛ ዓመታቸው ሲከበር የኒውዮርክ ገዢ ቀኑን በስማቸው ሰየሙት። ከዚያ በኋላም ከሃያ በላይ ሥዕሎች ሠርተዋል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው የምንለው። በ1961 የመጨረሻ ሥዕላቸው የሚባለውን ጨረሱ፤ ሰዎች እርሻ ላይ ሥራ ይዘዋል፣ በላያቸው ቀስተ ደመና ወጥቷል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 13 ቀን፣ በመቶ አንድ ዓመታቸው፣ ሥዕሎቻቸው አቧራ በጠጡባት በሁዚክ ፎልስ አረፉ። ከ1,500 በላይ ሥዕል ሠርተው ነበር። ከእነዚህ አንዱ፣ በ1943 የሣሉት የሜፕል ስኳር ሲወጣ የሚያሳየው፣ በ2006 በ1.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እሳቸው ግን ካረፉ አርባ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ያ ገንዘብ በማንም ደብተር ገቢ ቢሆን በእሳቸው ደብተር አይደለም። ነጋዴዎቹ አያዋጣም ካሉበት ቀን እስከ ዕለተ ሞታቸው የነበረው ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመት ነው። ይህኛው የእሳቸው ነው።

እናታችን ባለፈው ሳምንት ከቁም ሣጥን ላይ የጀመረችውንና የተወችውን ሌማት አወረደች። አባታችን በሕይወት ሳለ የጀመረችው ነው። ግማሽ ድረስ ተሰፍቷል፣ የአለላው ቀይ ደብዝዟል። ያንኑ ቀይ ታገኙልኛላችሁ ወይ አለችን። መርካቶ ሄደን ሦስት ሱቅ ጠየቅን፣ የሚመሳሰል አገኘን፤ ልኩ ግን አልሆነም። ሁለት ዓይነት ቀይ ይኑረው አለችና ሰፋችው።

የሐሙሱ ጥያቄ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እንደገና ይቀርባል፤ ያቀረብነው እኛው ነን። የክር፣ የአክርማና የአለላ ዋጋ በየሱቁ ጠይቀን የያዝነው ዝርዝር ከበጀቱ ወረቀት ጋር ተያይዟል። መርፌ መያዝ የሚያማቸው እናቶች ካሉ ብሩሽና ቀለምም እንድንጨምርበት ከስብሰባው በፊት ስማቸውን ለሂሳብ ክፍል አስመዝግቡልን።